በክት ልብሳቸው የቆሙ ሰዎች

የካናዳ ትንንሽ ከተሞች ቀደምት ፎቶ አንሺዎችና ከመስታወት ላይ የተረፉ ፊቶች

ስለ ድሮዋ ካናዳ ሲነሳ በብዙዎቻችን ዓይነ ኅሊና ድቅን የሚል ፎቶ አለ። በረዶ የተጫነው የእንጨት ቤት፣ ሐዲድ ዳር የተደረደሩ ባለ ባርኔጣ ሠራተኞች፣ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ፖሊስ፣ ላባ የሰካ የነባር ሕዝብ አለቃ። በካላንደር፣ በሆቴል ግድግዳ፣ በትምህርት ቤት መጽሐፍ ደጋግመን አይተነዋል። ማን እንዳነሳው፣ በተለይም ማን ከፍሎ እንዳስነሳው ግን ከሥሩ የሚጻፈው ከስንት አንዴ ነው። የእነዚህን ፎቶዎች ነገር በቅርብ መከታተል ከጀመርኩ ወዲህ ከሁሉ አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት ይህ መሆኑን አምናለሁ፦ ፎቶው የማን ትእዛዝ ነው?

ጥያቄው ጎልቶ የሚወጣው በትንንሾቹ ከተሞች ነው። እንደ ሞንትሪያል ባሉት ትልልቅ ከተሞች ብዙ ሠራተኛ የሚያስተዳድሩ ስቱዲዮዎች ነበሩ። ከወርቅ ጉድጓድ፣ ከባቡር ጣቢያ ወይም ከእንጨት መሰንጠቂያ ዙሪያ በበቀሉት መንደሮች ግን ፎቶ አንሺው ብዙ ጊዜ አንድ ሰው ነው፤ ያውም ሌላ እንጀራ ያለው። ባለ ሱቅ ሊሆን ይችላል፣ ወይም ጫማ ሰፊ፣ ወይም የማዕድን ካምፕ ወጥ ሠሪ። ያ ሰው ካሜራው ፊት ማንን እንዳቆመ፣ ማንስ በሩን ደፍሮ እንዳንኳኳ ሲታይ የከተማዋ ታሪክ ከማዘጋጃ ቤቱ ሰነድ በተሻለ ይገለጣል።

## ክዌኔል፣ ወንዞቹ በሚገናኙበት

በብሪቲሽ ኮሎምቢያ መሀል አገር፣ የክዌኔል ወንዝ ከታላቁ የፍሬዘር ወንዝ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ክዌኔል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከ1909 እስከ 1920 ባሉት ዓመታት (እዚህ የተጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በከተማዋና በአካባቢዋ የተነሱ ከ1,500 በላይ ፎቶዎች ዛሬም ድረስ አሉ።

በአንዱ ላይ ከአካባቢው ነባር ሕዝቦች አንዱ ከሆነው ከጺልኮቲን የመጣ ፈረሰኛ ቆሟል። ባርኔጣው ዘመም ብሏል፤ አንገቱ ላይ የሐር ሻርፕ አስሯል፤ ከሱሪው ላይ የጋላቢዎችን የቆዳ መከለያ ደርቧል። በሌላው አንድ ቻይናዊ ሙሉ ልብስ ለብሶ፣ ጫማውን አስወልውሎ፣ እጆቹን ጭኑ ላይ አሳርፎ ተቀምጧል። በሌላው ደግሞ እናትና ልጆች አሉ። አንዳንዴ ከኋላቸው የተዘረጋው ጨርቅ ጠርዙ ይታያል፤ አንዳንዴ ጨርቁም የለም፤ የቤቱ ጣውላ ግድግዳ ብቻ ነው። ሰዎቹ ግን የቀረውን ነገር ሁሉ የሚያስረሱ ናቸው። ቀጥ ብለው ያያሉ። አንዳቸውም የተያዘ ሰው አይመስልም። ክት ልብሳቸውን ለብሰው፣ በራሳቸው ፈቃድ፣ በራሳቸው ገንዘብ መጥተው የቆሙ ሰዎች ናቸው።

ያነሳቸው ቻው ዶንግ ሆይ ይባላል፤ ከተማው ሲ. ዲ. ሆይ እያለ ይጠራው ነበር። በ1883 በደቡብ ቻይና፣ በጓንግዶንግ ክፍለ ሀገር ተወለደ። የቤቱ የበኩር ልጅ ነው። አባቱ ገንዘብ ተበድሮ በ1902 ወደ ካናዳ ሲልከው ዕድሜው ከሃያ አልዘለለም ነበር። የቤተሰቡን ዕዳ መክፈል፣ ታናናሾቹን መርዳት የእሱ ሸክም ሆነ። ካናዳ በዚያን ጊዜ ከቻይናውያን መጤዎች ብቻ የምታስከፍለው የነፍስ ወከፍ ግብር ነበራት፤ በ1885 በ50 ዶላር ተጀመረ፣ ሆይ በገባበት ወቅት 100 ዶላር ደርሶ ነበር፣ በ1903 በወጣው ሕግ ደግሞ ወደ 500 ዶላር አሻቀበ። የወር ደመወዙ አነስተኛ ለሆነ የጉልበት ሠራተኛ 500 ዶላር ማለት የዓመታት ድካም ነው። በ1923 በሩ ጨርሶ ተዘጋና እስከ 1947 ድረስ ቻይናውያን ወደ ካናዳ እንዳይገቡ በሕግ ተከለከሉ ማለት ይቻላል።

ሆይ ያልሠራው ሥራ የለም። ወጥ ቤት ውስጥ ሠራ፣ የአውሬ ቆዳ ነገደ፣ የመሬት ቀያሾችን ተከትሎ ጫካ መነጠረ፣ ወርቅ ቆፈረ። ፎቶ ማንሳትን ያስተማረው የለም፤ በራሱ ነው የለመደው። በኋላ ክዌኔል ውስጥ ሱቅ ከፈተ፤ ሱቁ እየሰፋ ሄዶ በከተማዋ ከታወቁት አንዱ ሆነ። ሆይ እስከ 1973 ኖሯል። ፎቶው ከሥራዎቹ መካከል አንዱ እንጂ ዋናው አልነበረም፤ ለሙዚየም ብሎም አላነሳም። ደንበኛ መጣ፣ ቆመ፣ ከፈለ፣ ፎቶውን ይዞ ሄደ።

> ደንበኛ መጣ፣ ቆመ፣ ከፈለ፣ ፎቶውን ይዞ ሄደ።

ቻይናውያኑ ደንበኞች ፎቶውን የሚፈልጉት በአብዛኛው ለሩቅ ዘመድ ነው። ከስደት አገር ለእናት የሚላክ ፎቶ ምን ምን መናገር እንዳለበት የሚያውቅ አንባቢ ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፦ ደህና ነኝ፣ ከስቻለሁ ብላችሁ አትስጉ፣ ሥራ አለኝ፣ ልብሴም ይኸው። በቻይና ፎቶ ቤቶች ከቆየ ልማድ የተነሳ ከተቀማጩ አጠገብ ባለች ትንሽ ጠረጴዛ ላይ ሰዓት፣ መጽሐፍ ወይም አበባ ይቀመጣል፤ እያንዳንዱ ዕቃ ስለ ሰውየው ክብርና ኑሮ የሚመሰክር ነው። ቀን ቀን ጭቃ ውስጥ ወርቅ ሲያጥብ የሚውለው ሰው በፎቶው ላይ የተከበረ ነጋዴ ሆኖ ይታያል። ይህን አታላይነት የሚሉ ተመልካቾች አሉ። እኔ አልስማማም። ሰውየው ራሱን በሚያውቀው መልክ ነው የቀረበው፤ ጭቃው አሠሪው የሰጠው መልክ ነው።

## የአምስቱ አለቆች ከተማ

የጺልኮቲን ሰዎች በክዌኔል ፎቶ መነሳታቸው ቀላል ነገር የሚመስለው ከዚያ በፊት የሆነውን ለማያውቅ ነው።

በ1862 ፈንጣጣ በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ነባር ሕዝቦች ላይ ወርዶ መንደሮችን ባዶ አድርጓል። በ1864 ደግሞ ከባሕሩ ዳርቻ ወደ ካሪቡ የወርቅ አገር በጺልኮቲን ምድር አቋርጦ የሚያልፍ መንገድ ይሠሩ የነበሩ ሰዎች ከጺልኮቲን ተዋጊዎች ጋር ተጋጩ፤ ደም ፈሰሰ። የቅኝ ገዥው መንግሥት አለቆቹን ለሰላም ንግግር እንደጠራቸው አምነው መጡ፤ እንደመጡም ታሰሩ። ጥቅምት 26 ቀን 1864 (እንደ አውሮፓውያኑ) አምስት አለቆች ክዌኔል ላይ ተሰቀሉ። ስድስተኛው በተከታዩ ዓመት ኒው ዌስትሚኒስተር ውስጥ ተሰቀለ። የያኔው የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር ጀስቲን ትሩዶ በፓርላማ ቆመው አለቆቹ ምንም ወንጀል እንዳልሠሩ የተናገሩት በመጋቢት 2018 ነው፤ ከ150 ዓመታት በላይ ከቆየ በኋላ ማለት ነው።

ሆይ ካሜራውን ሲያቆም ያ ቀን ገና ሃምሳ ዓመት አልሞላውም። ስቅላቱን በዓይናቸው ያዩ፣ ወይም ካዩት አፍ የሰሙ ሽማግሌዎች በሕይወት ነበሩ። ሕጉም አልለቀቃቸውም። በ1885 በባሕሩ ዳርቻ ያሉ ሕዝቦች ፖትላች የሚሉት ታላቅ የድግስና የስጦታ ሥርዓት ታግዷል። በ1914 በወጣ ማሻሻያ ደግሞ በምዕራብ ካናዳ ያሉ ነባር ሕዝቦች ያለ ባለሥልጣን ፈቃድ የባህል ልብሳቸውን ለብሰው በትርኢትና በፈረስ ጉግስ በዓል ላይ እንዳይታዩ ተከለከሉ። ምን ለብሰህ፣ የት እንደምትታይ መንግሥት የሚወስንበት ዘመን ነበር።

በዚያ ዘመን የጺልኮቲንና የጎረቤቶቻቸው የዳኬል ሕዝብ ቤተሰቦች ቆዳ ሊሸጡ፣ ሸቀጥ ሊገዙ፣ በበጋው በዓል ፈረስ ሊያሽቀዳድሙ ወደ ክዌኔል ይመጡ ነበር፤ ጎራ ብለውም ፎቶ ይነሳሉ። የፈረሰኛ ልብሳቸው ያገኙትን የለበሱት አይደለም፤ ከብት ጠባቂና ፈረስ ገሪ ሆነው የሚኖሩበት የዘመኑ ልብሳቸው ነው። ከእሱ ጋር እናቶቻቸው የሠሩት በዶቃ የተጠለፈ ጓንት አለ። አሮጌና አዲስ ብሎ የሚለያቸው ሌላው ሰው እንጂ እነሱ አይደሉም።

ለምን ከሆይ ዘንድ እንደመጡ የሚያስቡ የታሪክ ጸሐፊዎች አንድ ነገር ደጋግመው ያነሳሉ። ሆይ ባለ ሱቅ ነው፤ ያውቁታል፤ ቆዳቸውን ይገዛል። እሱም ቢሆን በከተማዋ ነጮች ዓይን ሙሉ ሰው ሆኖ ያልተቆጠረ፣ ግብር ከፍሎ የገባ ሰው ነው። ይህ ብቻውን ወዳጅነት አይፈጥርም፤ ደንበኝነትን ግን ሊያቀል ይችላል። ነጮቹም ይመጡ ነበር። ሦስቱም ወገኖች በዚያው ጨርቅና በዚያው ወንበር ላይ፣ በዚያው ብርሃን፣ ያኔ ምስል በሚቀረጽበት መስታወት ላይ ተነስተዋል። በጎዳናው ላይ እኩል ያልነበሩ ሰዎች በሆይ መስታወት ላይ እኩል ቦታ ይዘዋል።

> በጎዳናው ላይ እኩል ያልነበሩ ሰዎች በሆይ መስታወት ላይ እኩል ቦታ ይዘዋል።

## ሰዓቱን ማን አጠፋው?

ልዩነቱ የሚገባን በዚያው ዘመን ሌሎች ያነሷቸውን ስናይ ነው።

አሜሪካዊው ኤድዋርድ ከርቲስ ከ1907 እስከ 1930 በ20 ቅጽ ባሳተመው ግዙፍ ሥራው የሰሜን አሜሪካን ነባር ሕዝቦች ሲያነሳ የካናዳዎቹንም አካቷል። ፎቶዎቹ ውብ ናቸው፤ ይህን መካድ አይቻልም። ነገር ግን ከርቲስ የሚፈልገው "እየጠፋ ያለ ሕዝብ" ነው። በ1914 በብሪቲሽ ኮሎምቢያ የባሕር ዳርቻ ከክዋክዋካዋክ ሕዝብ ጋር በሠራው ፊልም ላይ ተዋንያኑ በዘመናቸው የማይለብሱትን የዛፍ ልጥ ልብስ እንዲለብሱ፣ ሰው ሠራሽ ፀጉር እንዲያደርጉ ተደርጓል። ድንኳን ውስጥ በተቀመጡ ሁለት ሰዎች ፎቶው ላይ ደግሞ በመካከላቸው የነበረውን የጠረጴዛ ሰዓት ከምስሉ ላይ አስጠፍቶታል። ሰዓት ያለው ነባር ሕዝብ ለታሪኩ አልተመቸውም።

ቻይናዊው ደንበኛ ሰዓቱ እንዲታይለት አጠገቡ ያስቀምጣል፤ ከርቲስ ሰዓቱን ያጠፋል። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ አዛዡ ራሱ የሚነሳው ሰው ነው። በሁለተኛው አዛዡ ሩቅ ያለ መጽሐፍ ገዢ ነው።

የባሰም አለ። በ1890ዎቹ የካናዳ መንግሥት የነባር ሕዝቦች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ዓመታዊ ሪፖርት ላይ የቶማስ ሙር ሁለት ፎቶዎች ጎን ለጎን ታትመዋል። ቶማስ ሙር ሬጃይና ከተማ ባለው የነባር ሕዝቦች አዳሪ ትምህርት ቤት የነበረ ልጅ ነው። በአንደኛው ረዥም ሹሩባ፣ በዶቃ ያጌጠ ልብስ፤ በእጁም ሽጉጥ ይዟል። በሁለተኛው ፀጉሩ ተቆርጦ፣ ዩኒፎርም ለብሶ፣ የትምህርት ቤት ልጅ ሆኖ ቆሟል። ሁለቱም በስቱዲዮ የተቀናበሩ ናቸው፤ "በፊት" የተባለውም ጭምር። ለሕፃን ልጅ ሽጉጥ ያስያዘው ማን ነው? እንዲህ ያሉ ፎቶዎች ልጆችን ከወላጆቻቸው እየነጠቀ፣ ቋንቋቸውን እየከለከለ ለኖረው የአዳሪ ትምህርት ቤት ሥርዓት ማስረጃ ሆነው ቀርበዋል። ሞንትሪያል ውስጥ ፎቶ አንሺው ዊልያም ኖትማን በ1866 የአደን ትዕይንቶችን በጨውና በሌላም ነገር በረዶ እያስመሰለ ስቱዲዮ ውስጥ ማንሳቱን ብዙዎች ያደንቃሉ፤ ያ ግን ጨዋታ ነበር፤ አስነሺውም ተነሺውም ያውቁታል። የቶማስ ሙርን ግን ጨዋታ የሚለው የለም።

## ሳይደርቅ የማለቅ ሥራ

ከሆይ አርባ ዓመት አስቀድሞ የነበረ ፎቶ አንሺ ካሜራውን ብቻ ይዞ አይወጣም። ጨለማ ክፍሉንም አብሮ ይጭናል። በመጀመሪያ በደንብ የተወለወለ መስታወት ይይዛል፤ ኮሎዲዮን የሚባለውን ወፈር ያለና ኤተር ኤተር የሚሸት ፈሳሽ መሀሉ ላይ ያፈሳል፤ መስታወቱን ወደ አራቱም ማዕዘን እያዘነበለ ያዳርሰዋል፤ የተረፈውን በአንዱ ጥግ በኩል ወደ ጠርሙሱ ይመልሳል። ከዚያ ድንኳኑ ውስጥ ገብቶ በሲልቨር ናይትሬት ውሃ ይነክረዋል። ከዚህ በኋላ ያለው ሩጫ ነው። መስታወቱ እርጥብ እንዳለ ካሜራው ውስጥ መግባት፣ ብርሃን ማግኘት፣ ተመልሶም ድንኳን ውስጥ መታጠብ አለበት። ከደረቀ ከንቱ ነው። ሲልቨር ናይትሬቱ ጣትን ስለሚያጠቁር የዘመኑ ፎቶ አንሺ በእጁ ይታወቃል።

ፍሬድሪክ ዳሊ ይህን ሁሉ ጭኖ ነበር ወደ ካሪቡ የወርቅ አገር የዘለቀው። ቢሊ ባርከር በ1862 ወርቅ ባገኘበት ሸለቆ ባርከርቪል የምትባል ከተማ ቆማለች፤ ወደዚያ የሚወስደው የሠረገላ መንገድ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል፤ በብዙ ቦታም የገደል አፋፍ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ዳሊ በ1868 እዚያ ፎቶ ቤት ነበረው። ጠባቧን ጎዳና፣ በእንጨት ምሰሶ ላይ ከፍ ብለው የተሠሩትን ቤቶች፣ በረንዳው ላይ የተኮለኮሉትን ወንዶች አነሳ። በዚያው ዓመት መስከረም 16 ቀን (አሁንም እንደ አውሮፓውያኑ) ከተማዋ ተቃጠለች፤ ሁለት ሰዓት ባልሞላ ጊዜ አብዛኛው ክፍሏ አመድ ሆነ። የዳሊም ፎቶ ቤት አብሮ ነደደ። እሱ የቃጠሎውን ሁኔታ ጽፎ አስቀምጧል፤ ከእሳቱ በፊትና በኋላ ያነሳቸውም ፎቶዎች ተርፈዋል። ሰዎቹ እዚያው አመድ ላይ ወዲያው መሥራት ጀመሩ። ዳሊ ግን ብዙም ሳይቆይ አገሩን ለቆ ጥርስ ሕክምና ተማረ።

በ1870ዎቹ መጨረሻ በጄላቲን የተለበጠ ደረቅ መስታወት በገበያ ላይ ዋለና የድንኳኑ ሸክም ቀረ። መስታወቱን በሳጥን ገዝቶ፣ አንስቶ፣ ቤት ተመልሶ በተመቸ ሰዓት ማጠብ ተቻለ። በ1888 ኮዳክ ባለ ጥቅሉን ፊልም ካሜራ ይዞ መጣ፤ በ1900 ደግሞ ብራውኒ የሚባለው ካሜራ በአንድ ዶላር ተሸጠ። ትንንሾቹ ከተሞች የራሳቸውን ፎቶ አንሺ ያገኙት በዚህ ምክንያት ነው።

እዚህ ላይ በሰፊው የሚታመን አንድ ነገር ማረም ይገባል። "የድሮ ሰው በፎቶ ላይ የማይስቀው ካሜራው ስለሚዘገይ ነው" ይባላል። ለመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት እውነትነት አለው። በሆይ ጊዜ ግን በቀን ብርሃን የሚነሳ ፎቶ ረዥም ጊዜ አይፈልግም ነበር። ሰዎቹ ኮስተር ያሉት ፎቶ መነሳት ክብር ስለሆነ ነው፤ ምናልባት በዕድሜ አንዴ ወይም ሁለቴ የሚገጥም። ሌላም አለ፦ የዚያ ዘመን መስታወት ቀይ ቀለምን በደንብ አያይም፤ ሰማያዊን ደግሞ ነጭ አድርጎ ይቀበላል። ስለዚህ በፎቶ ላይ ጥቁር የሚመስለን ሻርፕ ደማቅ ቀይ ሊሆን ይችላል። ሰማዩ ባዶ ነጭ የሆነውም ደመና ስላልነበረ ላይሆን ይችላል። ያንን ዘመን ደብዛዛና ሐዘንተኛ አድርገን የምናስበው በከፊል መስታወቱ ስላሳሳተን ነው።

## ሃና በሃና ራስ ላይ ስትቀዳ

ቪክቶሪያ የብሪቲሽ ኮሎምቢያ ዋና ከተማ ናት፤ በ1862 ግን ገና የወርቅ ፈላጊዎች መተላለፊያ ነበረች። በዚያ ዓመት ሃና ሜይናርድ ከእንግሊዝ አገር ኮርንዎል በኦንታሪዮ በኩል ዞራ መጥታ ፎቶ ቤት ከፈተች። ባሏ ሪቻርድ ጫማ ሰፊ ነው፤ ፎቶ ማንሳት ያስተማረችው እሷ ናት። እስከ 1912 ድረስ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ሠርታለች።

በየዓመቱ ያነሳቻቸውን ሕፃናት ፊት ቆርጣ በአንድ ምስል ላይ በመደርደር "የብሪቲሽ ኮሎምቢያ እንቁዎች" እያለች ለእናቶቻቸው የአዲስ ዓመት መልካም ምኞት ትልክ ነበር። የቀደሙትን ዓመታት ምስሎች አሳንሳ በአዲሱ ውስጥ ስለምትጨምራቸው በመጨረሻ በሺዎች የሚቆጠሩ ጥቃቅን ፊቶች ተከማቹ። ንግድ ነው፤ ግን እንዲህ ያለ የአንድ አካባቢ ትውልድ መዝገብ ሌላ የት ይገኛል?

እኔን ግን ይበልጥ የሚይዘኝ ለራሷ ያነሳችው ነው። በአንድ ፎቶ ላይ ሦስት ሃናዎች አሉ። ሁለቱ ሻይ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀምጠዋል። ሦስተኛዋ ግድግዳው ላይ ካለ የሥዕል ፍሬም ውስጥ አጎንብሳ ወጥታ በአንደኛዋ ራስ ላይ ሻይ ታፈስባታለች። ኮምፒውተር በሌለበት ዘመን ይህን ለመሥራት ከመስታወቱ ላይ ከፊሉን እየሸፈኑ፣ ልብስና ቦታ ሳይዛነፍ በዚያው መስታወት ላይ ደጋግሞ ማንሳት ያስፈልጋል። አንዲት ትንሽ ስህተት ሁሉንም ታበላሻለች። ልጇ ሊሊ በ1883 በታይፎይድ ሞታባታለች፤ እነዚህን ምስሎች ከዚያ ሐዘን ጋር የሚያያይዙ ተመራማሪዎች አሉ። ምክንያቱ ምንም ይሁን፣ ደንበኛ ያላዘዘው ነው፤ ከፎቶ ቤቱ የገበያ ሰዓት ውጭ የተሠራ።

## ምድጃ ላይ የወጣችው ወጥ ሠሪ

ማቲ ጋንተርማን ፎቶ ቤት ኖሯት አያውቅም። በ1872 በዊስኮንሲን ተወለደች፤ በ1898 ከባሏና ከትንሽ ልጃቸው ጋር ከሲያትል ተነስተው አብዛኛውን መንገድ በእግር ተጉዘው በብሪቲሽ ኮሎምቢያ ተራሮች መካከል ቢተን የምትባል መንደር ገቡ። ሳንባዋ ደካማ ነበር፤ የተራራው አየር ይሻላታል ተብሎ ነው። በማዕድን ካምፖች ወጥ ሠሪ ሆና ሠራች። ካሜራዋን ግን አልተለየችውም።

ማቲ ራሷም በፎቶዎቿ ውስጥ አለች። ከካሜራው ጋር የተያያዘ ረዥም የጎማ ቱቦ ነበራት፤ ጫፉ ላይ ያለውን የጎማ ኳስ ስትጨብጥ ካሜራው ያነሳል። ስለዚህ እሷ ከጓደኞቿ መሀል ናት። በ1902 በኔቲ ኤል ማዕድን ማውጫ ወጥ ቤት ውስጥ ከሁለት ሴቶች ጋር የተነሳችው በጣም ይታወቃል፤ ማቲ ምድጃው ላይ ወጥታለች፤ ሦስቱም ያሾፋሉ። ወንዶች ብቻ ይኖሩበታል ተብሎ በሚወራለት ካምፕ ውስጥ ሴቶች ሠርተዋል፣ ስቀዋል፣ ያንን ቀንም ለራሳቸው አስቀርተዋል።

> በእሷ ፎቶ ላይ አዛዧም፣ አንሺዋም፣ ተነሺዋም አንድ ሴት ናት።

ቤታቸው በ1927 ተቃጠለ። ማቲም በ1945 አረፈች። የመስታወት ነጋቲቮቿ ግን ዕቃ ማስቀመጫ ውስጥ ሆነው ተርፈው ነበር። በ1961 የቫንኩቨር ሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ወደ 300 የሚጠጉትን አግኝቶ አዳናቸው። ብዙም ሳይቆይ፣ በ1968 የኪንሊሳይድ ግድብ ሥራ አልቆ የአሮው ሐይቆች ውሃ ከፍ ሲል አብዛኛው የቢተን መንደር ተዋጠ። ነጋቲቮቹ ጥቂት ዓመታት ቢዘገዩ ኖሮ እንደ መንደሩ ሊቀሩ ይችሉ ነበር። የብዙ ፎቶ አንሺዎች መስታወት ይህን ዕድል አላገኘም። ባለቤቱ ሲሞት ወራሾች ምስሉን አጥበው መስታወቱን ለመስኮትና ለችግኝ ቤት የተጠቀሙበት ቦታ ብዙ ነው። መስታወት ውድ ነበር፤ የሰው ፊት ግን ርካሽ ሆኖ ታየ።

## የሚቀረው ሥራ

ባርከርቪል ዛሬ ሰው የሚጎበኛት ታሪካዊ ከተማ ናት። የቻይናውያን ሰፈሯም ተጠብቋል። ጎብኚዎች የድሮ ልብስ ተከራይተው ቡና በሚመስል ቀለም ፎቶ ይነሳሉ፤ ልጆች ባርኔጣው ትልቅ ሆኖባቸው ይሳሳቃሉ። ይህን የሚነቅፉ አሉ፤ ታሪኩን ወደ መዝናኛ አውርዶታል ይላሉ። እኔ ነቀፋው አይታየኝም። ሰው ከፍሎ፣ በፈለገው ልብስ፣ በፈለገው አኳኋን ነው የሚነሳው። የሆይም ደንበኞች ያደረጉት ይህንኑ ነው። የሆይ ስብስብ ያለውም እዚያው በባርከርቪል ቤተ መዛግብት ነው። ፌይዝ ሙሳንግ የተባለች የፎቶ ባለሙያ በ1999 በመጽሐፍ አሰባስባ ካወጣችው በኋላ ከክዌኔል ውጭም መታወቅ ጀመረ።

ትልቁ ችግር ስም ነው። ቤተ መዛግብት ውስጥ ያሉ የነባር ሕዝቦች ፎቶዎች አብዛኞቹ "ሴት ከልጇ ጋር"፣ "አዳኝ"፣ "የአገሩ ሰው" የሚል መግለጫ ብቻ ነው ያላቸው። ጎን ለጎን የቆሙ ነጭና ነባር ሰዎች ባሉበት ፎቶ ላይ የነጩ ሙሉ ስም ተጽፎ የሌላው የሚታለፍበት ጊዜ አለ። የካናዳ ብሔራዊ ቤተ መዛግብት በ2002 ከኑናቩት ወጣቶች ማሠልጠኛና ከኑናቩት መንግሥት ጋር ሆኖ ይህን ማረም ጀመረ። ኢኑዊት የሚባሉት የሰሜን ነባር ሕዝብ ወጣቶች ፎቶዎቹን ይዘው ወደ ሽማግሌዎች ሄዱ። ሽማግሌዎቹ አክስታቸውን፣ ጎረቤታቸውን፣ አንዳንዴም ራሳቸውን በልጅነት አገኙ። ሽማግሌዎቹ ሲያርፉ ስሞቹም አብረው ስለሚቀበሩ ሥራው የጊዜ እሽቅድምድም ነበር፤ አሁንም ነው። በኋላ ወደ ሌሎቹ ነባር ሕዝቦችም ሰፋ።

ከነባር ሕዝቦች አንዱ የሆነው የክሪ ተወላጅ ጸሐፊ ፖል ሲሴኳሲስ ደግሞ ከ2015 ጀምሮ የድሮ ፎቶዎችን በማኅበራዊ ሚዲያ ላይ እያወጣ ሰዎች ዘመዶቻቸውን እንዲለዩ ጠየቀ። ያነሳሳችው እናቱ ናት። በአዳሪ ትምህርት ቤት ያለፈች ሴት ስትሆን ስለ ሕዝቧ የሚነገረው ሁሉ መከራ ብቻ መሆኑ አስመርሯት ነበር። ስለዚህ እሱ የፈለገው ሰዎች ሲሠሩ፣ ሲጫወቱ፣ ሲስቁ የተነሱባቸውን ነው። አንድ ፎቶ ወጥቶ ከሩቅ ከተማ ያለ ሰው "ይህቺ አያቴ ናት" ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ይቀጥላል፤ ጀልባው የማን እንደሆነ፣ ዓሣው ከየትኛው ሐይቅ እንደተያዘ የሚያውቅ ይመጣል። ያ ሁሉ በ2019 መጽሐፍ ሆኖ ወጥቷል።

የቤተ መዛግብት ሠራተኞች የሚነግሩን የአሠራር ዝርዝር አለ። ስሙ የተገኘ ሰው መግለጫው ሲታረም የድሮው ጽሑፍ ተሰርዞ አይጣልም፤ ቀድሞ ምን ተብሎ እንደነበር ከጎኑ ይቀመጣል፤ ስሙን የተናገረው ማን እንደሆነና መቼ እንደተናገረም ይመዘገባል። ሁለት ቤተሰቦች አንዱን ፊት የየራሳቸው ዘመድ ነው ቢሉ ሁለቱም ቃል ይያዛል። ሆይ ካነሳቸው ሰዎች መካከል ስማቸው እንዲህ በቤተሰብ ምስክርነት የታወቀ አሉ፤ ያልታወቁት ደግሞ ከነክት ልብሳቸው፣ ከነጓንታቸው፣ ከነሻርፓቸው አሁንም የሚያውቃቸውን ሰው ይጠብቃሉ።